የቶም ሰባት ቤት፦ ከሆሎዌይ እስከ መዝገብ ቤቱ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሆሎዌይ

ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ ነው። ለንደን ሠላሳ ዓመት ኖሬም ፀሐይ ስትወጣ «ስድስት ሰዓት ሆነ» ማለት አልሆነልኝም።

ከቤት ስንወጣ ገና ድንግዝግዝ ነው። መንገዱ ዝናብ ጠግቦ አድሯል። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ የብረት መዝጊያውን እያንገጫገጨ ወደ ላይ ይጠቀልላል፤ የትኩስ ዳቦ ሽታ ሆዴን ነካው፣ ግን ምን ሊወርድልኝ። የልጅ ልጄ መክሊት ከፊት ከፊት ትሄዳለች። እኔ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አቅፌ እከተላለሁ።

«እማማ፣ ቦርሳውን ልያዝልዎት?»

«ተይው።»

«ምን አለበት? ወርቅ ነው እንዴ የያዙት?»

«ተይው አልኩሽ እኮ!»

ከዚህ በፊት መክሊትን ተቆጥቻት አላውቅም። ዞር ብላ አየችኝና መንገዷን ቀጠለች።

ወርቅስ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር። የያዝኩት አንድ የታጠፈ ወረቀት ነው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ፍራሼ ሥር ደብቄዋለሁ። ዛሬ እቤት ትቼው እንዳልሄድ ፈራሁ፣ ይዤውም ስሄድ ፈራሁ። ደብተሬ ውስጥ ሸጉጬ አመጣሁት።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። መክሊትን እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ታገባለች። የምታገባው ቶም የሚባል የአውስትራሊያ ልጅ ነው፤ አርችዌይ ይኖራል፣ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፣ ረጅም ነው፣ ጢሙ እንደ ገብስ ነዶ ቢጫ። ሊጠይቀኝ የመጣ ዕለት «ሰባት ቤት ቁጠርልኝ» አልኩት። መክሊት በኀፍረት ቀላች። «እማማ፣ ሲሪየስሊ? የአውስትራሊያ ሰው ከእኛ ጋር ምን ዝምድና ይኖረዋል?»

ዝምድናማ እንደሌለው አውቃለሁ። ሰባት ቤት ግን የሚቆጠረው ለዝምድና ብቻ አይደለም፤ የሚገባበት ቤት ምን እንዳለበት ለማወቅም ነው። የአባቴ እህት አስናቀች ሳይቆጠርላት ነው የተዳረችው። የባሏ አያት ሰው ገድሎ፣ ሳይታረቅ ሞቶ ኖሯል። በሠርጓ ዓመት ባሏን ከእርሻ ሲመለስ ጠብቀው ገደሉት። ባልየው አያቱ የገደለውን ሰው ስም እንኳ አያውቅም ነበር አሉ። አስናቀች እኛ ቤት ተመልሳ መጣች፤ የሙሽራ ጥፍሯ ገና ሂና እንደነካው ነበር። ያኔ ስድስት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ ያ ጥፍር ይታየኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ቶም አላፈረም፤ ደስ ብሎት ቆጠረ። ፒተር፣ አለን፣ ዋልተር፣ ጄምስ፣ ዊልያም፣ ሮበርት፣ ሄንሪ። ሁሉም መጨረሻ ላይ ብሪግስ የሚል ስም አለ፤ ያው አንድ ስለሆነ መደጋገሙ ደብተር ማባከን መሰለኝና ተውኩት። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ሳቅ አለ። ሮበርትና ትልቁ ልጁ ከለንደን የተጋዙ እስረኞች ናቸው አለኝ። ያን ጊዜ እንግሊዝ ወንጀለኛውን በመርከብ ባሕር አሻግራ አውስትራሊያ ትጥለው ነበር።

«ወንጀላቸው ምን ነበር?»

«አናውቅም። አባቴ ዳቦ ነው ይላል።»

ለዳቦ ሰው የምድር ጫፍ ድረስ ይጋዛል? እነሱ ግን ይኮሩበታል! «እኛ አገር እስረኛ ቅድመ አያት ያለው ሰው ደረቱን ይነፋል» አለኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ማክሰኞ ማክሰኞ የሰውን ዘር በኮምፒውተር የሚፈልጉ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ አሉ። ለማንም ሳልናገር ሄድኩ። «ሮበርት ሄንሪ፣ ከለንደን ወደ አውስትራሊያ የተጋዘ» አልኳቸው። ቆዩ፣ ቆዩና መነጽራቸውን አወለቁ። ቀስ እያሉ ነገሩኝ፦ ወንዝ ዳር ባለ መጠጥ ቤት ሰው በጩቤ ገድሎ፣ ሞት ተፈርዶበት፣ ፍርዱ ወደ ግዞት የተቀየረለት። አትመው ሰጡኝ። እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም፤ የአማርኛውን ፊደልም የቆጠርኩት ለንደን ከመጣሁ በኋላ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ግን «መርደር» ምን ማለት እንደሆነ ከቴሌቪዥን አውቃለሁ።

ደም። በስድስተኛው ቤት።

መክሊት ደግሞ «እማማ ካልመረቁን ሠርግ የለም» ብላ ለሰው ሁሉ ተናግራለች። ብመርቅ ልጄን አውቄ ደም ውስጥ መክተት ሆነብኝ። ባልመርቅ ሠርጉን ማፍረስ ሆነ። እስከ ዛሬ ንጋት ድረስ አልወሰንኩም።

አንድ ሰዓት፣ አውቶብስ ውስጥ

ቶም ከአርችዌይ በሚመጣው በ43 ቁጥር ተሳፍሮ ጠበቀን፤ ከላይ ፎቅ ሆኖ በመስኮት እጁን ያወዛውዛል። የአረጋውያን ነፃ መሳፈሪያ ካርዴ ከሦስት ሰዓት በፊት አይሠራም፤ እሱ ሮጦ ወርዶ በራሱ ካርድ ከፈለልኝ።

«እንደምን አደሩ እማማ? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!»

መክሊት አማርኛ ስታስተምረው በአክብሮት ብቻ ነው ያስተማረችው፤ በእኔ እንዳይሳሳት ብላ። አሁን የጎረቤታችንን ውሻ ሳይቀር «ይቀመጡ» ይለዋል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

የዛሬውን ጉዞ ያዘጋጀው እሱ ነው። መጀመሪያ እስረኞች ይጫኑበት የነበረው ወንዝ ዳር፣ ቀጥሎ ቤተሰቡ የነበረበት ሰፈር፣ በመጨረሻ መዝገብ ቤት። እዚያ የብሪግስ ቤተሰብ ስም ያለበት አንድ የወረቀት ሣጥን ታዝዞለታል። በስድስት ሰዓት ይከፈታል።

«ዛሬ ወንጀሉን እናውቃለን!» አለ፣ እጁን እያፋተገ።

እኔ በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ። ካልሲ የሚሸጥ ሱቅ፣ ዶሮ የሚጠብስ ቤት፣ ሬሳ የሚያስተናግድ ቤት፣ እንደገና ዶሮ ጠባሽ። ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ሰዓት ቀረው።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቴምዝ ወንዝ፣ በርመንዚ

ማለዳ የወጣነው ወንዙ ሳይሞላ ለመድረስ ነው። ቴምዝ እንደ ባሕር ይሞላል፣ ይጎድላል። በሁለት የጡብ ቤቶች መሐል አንድ ጠባብ ደረጃ አለ፤ ድንጋዩ በእግር ብዛት መሐሉ ተበልቶ እንደ ሳህን ጎድጉዷል፣ አረንጓዴ ሙጃ ለብሷል። ቶም እጄን ያዘ። በአንድ እጁ የእኔን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዞ ወደ ኋላ እየሄደ አወረደኝ።

እጁን አየሁት። ሰፊ ነው፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ አውራ ጣቱ ላይ ቾክ አለ። ይህ እጅ ከየት መጣ? ጩቤ የያዘውም እጅ እንዲህ ሰፊ ነበር ይሆን? እንዲህ ማሰቤ ለራሴም አስጠላኝ፤ ግን አሰብኩ።

ታች ጭቃ ነው፣ ጠጠር ነው፣ የዛገ ምስማር፣ የጡብ ስብርባሪ፣ የጥንት ሰዎች ያጨሱበት የሸክላ ጋያ ቁራጭ። ቶም ወደ ውኃው አየ።

«ሮበርት ምናልባት በዚህ ደረጃ ነው የወረደው» አለ። «እግሩ ታስሮ።»

እኔ ጎንበስ ብዬ አንድ ለስላሳ ድንጋይ አነሳሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወንዝ በተሻገርኩ ቁጥር የማደርገው ነው፤ ይዤው ካልሄድኩ የተሻገርኩ አይመስለኝም። መክሊት ጮኸች።

«እማማ! ኖ! እዚያ ተጽፏል እኮ፣ ከወንዙ ምንም ነገር ማንሳት ክልክል ነው!»

«ለድንጋይ?»

«ለድንጋይ!»

ቶም ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እማማ፣ በቃ ሌባ ሆኑ! አሁን እርስዎንም ወደ አውስትራሊያ ይልኩዎታል!»

ልመልሰው ስል ውኃው ጫማዬን ነካኝ፤ ሁለቱም ተሯሩጠው ግራና ቀኝ ደግፈው አወጡኝ። ድንጋዩ እንዳለ ኮት ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ሦስት ሰዓት፣ ቁርስ ቤት

የሠራተኞች ቁርስ ቤት ነው። ግድግዳው በእንፋሎት ያልባል። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች ሳህናቸው ላይ አጎንብሰዋል፤ እንቁላል፣ ባቄላ፣ በቅባት የተጠበሰ ዳቦ፣ ጥቁር እስኪመስል የፈላ ሻይ። አስተናጋጇ «ማይ ላቭ» እያለች ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሻይ ብቻ አልኳት።

ቶም ሊከፍል ሲነሣ መክሊት እጄን ያዘች።

«እማማ፣ ምን ሆነዋል? አሞዎታል?»

«ደህና ነኝ።»

«ቶምን አልወደዱትም?»

ይህን ስትል ድምፅዋ ልክ እንደ ሟች እናቷ ቀጠነ። ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነው። አሁን ልንገራት አልኩ። አፌን ከፈትኩ። «ወድጄዋለሁ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ባልወደው ይቀለኝ ነበር።

«እና?»

«ሆድ ይፍጀው።»

«ምንድን ነው ሆድ የሚፈጀው?» ለንደን ያደገች ልጅ፣ ይህን ከየት ታውቀው። ቶም ተመለሰ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሦስት ሰዓት ቀረው።

አራት ሰዓት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ

ቤተሰቡ የነበረበት መንገድ ዛሬ የለም፤ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ቶም እሱንም ፎቶ አነሳው። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ማማ ግን ቆሟል። የመቃብር ድንጋዮቹን ነቅለው እንደ መጽሐፍ ግድግዳው ላይ ደርድረዋቸዋል፣ ግቢው የልጆች መጫወቻ ነው። አንዲት እናት ሕፃን በዥዋዥዌ ትገፋለች።

እኔ ከአንድ ድንጋይ ፊት ቆምኩ። አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ተጽፎበታል፤ መክሊት አነበበችልኝ። የሁሉም መጨረሻ ስም አንድ ነው። አባቱም፣ የአባቱም አባት፣ ሁሉም ያው ሰው የሆኑ ይመስላል። እንዴት ነው ማንን ከማን የሚለዩት ብዬ አሰብኩ፤ አስቤ አለፍኩት። እዚያው ቆሜ ትንሽ ባስብ ኖሮ ከስንት ጭንቀት እተርፍ ነበር! ግን እኔ ይልቅ ስጸልይ ነበር፤ ያ ሣጥን እንዲጠፋ። አይጥ እንዲበላው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሞ እንዲህ ያለ ጸሎት ይጸለያል? ጸለይኩ።

ስድስት ሰዓት፣ መዝገብ ቤቱ

በባቡር ወደ ምዕራብ ሄድን። መዝገብ ቤቱ ትልቅ የሲሚንቶ ሕንፃ ነው፤ ፊት ለፊቱ ኩሬ አለ፣ ዳክዬ ይዋኝበታል። ከውስጥ ሕጉ ብዙ ነው። ኮት ማስቀመጥ፣ ቦርሳ ማስቀመጥ፣ እስክሪብቶ ክልክል። የምትይዘውን ነገር ሁሉም በሚያየው ግልጽ የላስቲክ ከረጢት ታደርጋለህ።

ኮቴን ሳስቀምጥ ድንጋዩን አውጥቼ እፍኜ ውስጥ ጨበጥኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የምይዘው ነገር ፈልጌ ነው። ቦርሳውን ትቼው ልገባ ነበር፤ ቶም ግን «ደብተሩን ይያዙ እማማ፣ ቆጠራው ያስፈልገናል» አለ።

በሩ ላይ ያለችው ዘበኛ የመግቢያ ካርዴን አየች። «ሚስስ ተሰማ?»

እንደ ሁልጊዜው አባቴን ፍለጋ ዞር አልኩ። ተሰማ አባቴ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ክሮይደን የስደተኛ ወረቀቴን የሞላው ሹም ስሜን ከአባቴ ስም ጋር ሲጽፍ የመጨረሻውን የቤተሰብ ስም አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ ሐኪሙም፣ ቤት አከራዩም፣ ፖስተኛውም አባቴን ነው የሚጠሩት።

«የተላቀቀ ወረቀት ካለ ልየው» አለችና ደብተሬን ወስዳ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ወረቀቱ ወደቀ።

ቶም ነው ያነሳው። ሊሰጠኝ ሲል ዓይኑ ላይ አረፈ። አነበበ። እንደገና አነበበ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

መክሊት ወረቀቱን ነጥቃ አነበበች፣ ቀና ብላ አየችኝ፤ ያ አስተያየት በጠላቴም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

«ይሄን ከመቼ ጀምሮ ነው የያዙት?»

«ሁለት ሳምንት።»

«ለዚህ ነው የማይበሉት? ለዚህ ነው የማይመርቁን?»

«አያትህ ሰው ገድሏል፣ ልጄ» አልኩት ቶምን። «ሮበርት፣ የሄንሪ ልጅ። ደም ነው። እኔ ደም ያለበትን ቤት አውቀዋለሁ።»

መክሊት ተረጎመችለት፤ እያለቀሰች። ቶም ወረቀቱን እንደገና ተቀበላት። ግንባሩ ተሸበሸበ።

«ሮበርት ሄንሪ» አለ። «ይሄ ማነው?»

«አያትህ ነዋ!»

«የኔ አያት ሮበርት ብሪግስ ነው።»

«አባቱ ሄንሪ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ ሮበርት ሄንሪ ነዋ!»

ዘበኛዋ ሦስታችንን እያፈራረቀች ታያለች። ቶም ትንሽ አሰበና ዝቅ ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ በዚያ በተማረው የአክብሮት አማርኛ እንዲህ አለኝ፦

«እማማ፣ እርስዎ ስምዎ ተሰማ ነው?»

«አይደለም። ተሰማ አባቴ ነው። እኔ ጌጤነሽ ነኝ።»

«ይህች ሴት ግን ተሰማ አለችዎ። እርስዎም ያንን ነው ያደረጉት፣ ለሮበርት። እዚህ አገር ሰው በአባቱ የመጀመሪያ ስም አይጠራም። ሄንሪ የሚባል ቤተሰብ ሌላ ነው። ይሄ ሰው የእኛ አይደለም።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእኔ ላይ ሲደረግ ስቆጣ የኖርኩበትን ስሕተት፣ እኔው መልሼ በሞተ ሰው ላይ ሠራሁት። በእኛ ልማድ ጠርቼው፣ በነሱ ልማድ ተፈልጎ፣ የሌላ ቤት ደም አንስቼ በዚህ ልጅ ቤት ላይ አፈሰስኩ።

ሰባት ሰዓት፣ እዚያው

ሣጥኑ ተከፈተ። አይጥ አልበላውም፤ ተመስገን።

ከውስጡ የወጣው አንድ ቡናማ ወረቀት ነው፤ አራት ቦታ ታጥፎ የኖረበት መሥመር ይታያል። ማመልከቻ ነው። ቶም ጣቱን ሳያስነካ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ መክሊት በሹክሹክታ ነገረችኝ። አመልካቿ አን ብሪግስ ናት፣ የሮበርት ሚስት። ባሏ ወደብ ላይ ሸክም ያወርድ ነበር፤ ከልጁ ከሳሙኤል ጋር ሁለት ጥቅል ጨርቅ ሰርቀው ተያዙ። ሁለቱም ግዞት ተፈረደባቸው። አን ደግሞ ጡት የሚጠባ ልጅ አላት፣ ዊልያም። ማመልከቻዋ ይማሩልኝ አይልም። እኔንም ከነልጄ ላኩኝ ነው የሚለው፤ ባሌና ልጄ በሚሄዱበት መርከብ ቦታ ባይኖር እንኳ በሚቀጥለው።

«ሳይፈረድባት?» አልኩ።

«ሳይፈረድባት» አለች መክሊት። «ራሷ ጠይቃ።»

የቶም ዓይን እንባ አቅርሯል። ዊልያም አምስተኛው ቤት ነው። ያ ጡት የሚጠባ ልጅ ባይሻገር ቶም አይኖርም ነበር።

ከወረቀቱ ግርጌ ስም አለ፤ ጽሑፉን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ከስሙ መሐል ሁለት ጭረት፣ መስቀል። ቀለሙ ጫፉ ላይ ፈሷል፤ ብዕር መያዝ የማያውቅ እጅ በጣም ሲጫን እንደዚያ ይሆናል። ማንም እንዲተረጉምልኝ አላስፈለገኝም። እኔም ክሮይደን የፈረምኩት እንዲሁ ነው። የእኔም ቀለም ፈሶ ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ኩሬው ዳር

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዳክዬዎቹ ይጮኻሉ። ልጁን ያለ ጥፋቱ፣ አያቱንም ያለ ጥፋቱ ነፍሰ ገዳይ አድርጌያለሁ፤ ይህ በቃል «ሶሪ» የሚታለፍ ነገር አይደለም። ተነሣሁ። የጨበጥኩትን የወንዝ ድንጋይ ማጅራቴ ላይ አስቀመጥኩ፣ ጎንበስ ብዬ ከፊቱ ቆምኩ።

ቶም ደነገጠ። «አንገትዎን አመመዎት?»

መክሊት በእንባዋ መሐል ሳቀች። «ይቅርታ እየጠየቁህ ነው! ድንጋይ ተሸክመው። አንተ ካላወረድክላቸው ቀና አይሉም።»

ተንደርድሮ ተነሣ። ድንጋዩን በሁለት እጁ፣ እንደ እንቁላል ቀስ ብሎ አነሣልኝ። ከዚያ ምን እንደሚያደርግበት ግራ ገብቶት ቆመ።

«የተሰረቀ ዕቃ ነው የያዝከው» አለችው መክሊት።

«ቤተሰቤ ለምዶታል» አላት።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ወደ ሆሎዌይ

ከባቡር ወርደን በ43 ቁጥር ነው የተመለስነው፤ ከላይ ፎቅ፣ ከፊት መስኮት። ደብተሬን ገለጥኩና ከእያንዳንዱ ስም ጎን ብሪግስ የሚለውን አስገባሁ፤ ቦታው ጠበበኝ እንጂ ጻፍኩት። ከሮበርት አጠገብ አንን ጨመርኩ፤ ከጎኗም መስቀሏን።

«ቁጠር» አልኩት።

ፒተር ብሪግስ፣ አለን ብሪግስ፣ ዋልተር ላይ ተደናቀፈ፣ መክሊት በክርኗ ነካችው። ድንጋዩን በጭኑ ላይ አስቀምጦታል፤ ቅዳሜ ሦስታችንም ሄደን ወደ ወንዙ እንመልሰዋለን። ሮበርትና አን ላይ ሲደርስ አውቶብሱ ማቆሚያችን ደረሰ። ዳቦ ቤቱ አሁንም ክፍት ነው፤ ሁለት ገዛሁና አንዱን መንገድ ላይ በላሁት።

ደጃፌ ላይ ሁለቱንም ጎንበስ አሰኘኋቸው። እጄን ራሳቸው ላይ ጫንኩ። «አንዳችሁ በሄዳችሁበት ሌላችሁ አትቅሩ። ወልዳችሁ ሳሙ፣ አብራችሁ አርጁ» አልኩ። ቶም «አሜን» ያለው ሳልጨርስ ነው፤ እንደገና አስባልኩት።

እነሱ ገቡ። እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይህን እጽፋለሁ። ከሰባት ቤት በኋላ አንድ ልጅ፣ ቢጫ ጢም ያለው ይሁን ጠጉሩ የተጠቀለለ፣ ክሮይደን ሄዶ ሣጥን አስከፍቶ ይፈልገኝ ይሆናል። እንዳይሳሳት ከደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ በጉልህ ጽፌለታለሁ፦

ስሜ ጌጤነሽ ነው። ተሰማ አባቴ ነው፤ እሱ ለንደንን አያውቃትም።